አንድ ኮከብ ለዙሀራ ፉል ቤት

«እናንተ የጻፋችሁበት ሰው ‹እኔም መልስ አለኝ› ቢል በየት በኩል ይገባል?»

ትምኒት ከስልኳ ቀና አላለችም። የአያቷ የወይዘሮ የሺወርቅ ጥያቄ መቼም አያልቅም። ባጃጅ ላይ ዳር ነው መሃል የተቀመጥሽው? ያ ጫማ ውኃ አያስገባም? ያ ልጅ ሲያይሽ ለምን ሳቀ? «ዓባየይ» እያለች የምትጠራቸው የአያቷ ጭንቀት ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሣል፤ አንዴ ከተነሣ ደግሞ በቀላሉ አይቀመጥም። ይኼኛው ጥያቄ ግን እንደሌሎቹ «እሺ» ተብሎ የሚታለፍ አልሆነም።

«በየት በኩል ማለት?»

«ቤት በር አለው። ቀበሌም ቢሆን መስኮት አለው። ያንቺ ድረ ገጽ የቱ ጋ ነው የሚንኳኳው?»

ትምኒት ሳቀች። «ዓባየይ ደግሞ! ድረ ገጽ ይንኳኳል እንዴ? ፋራ አትሁኚ በናትሽ!»

ወይዘሮ የሺወርቅ አልሳቁም። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ለደም ግፊታቸው ክትትል በጠዋት ወደ ዓይደር ሆስፒታል ወጥተው ገና መመለሳቸው ነው። ከመድኃኒት ፌስታላቸው ጋር ትምኒት የማታውቀው ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተዋል፤ ጎኑ የተጨረማመተ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

«የት ይሻላል» የሚባለውን ድረ ገጽ ትምኒት የጀመረችው ከክፍሏ ልጅ ከሓየሎም ጋር ነው። ኮምፒውተሩ የእሱ፣ ብዕሩ የእሷ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። መቐለ ውስጥ ጫማ የሚሰፋ፣ ኬክ የሚጋግር፣ ስልክ የሚጠግን የሚፈልግ ሰው ቢኖር ነዋሪው ራሱ «እዚህ ሂዱ» ብሎ ይጠቁማል፤ ኮከብም ይሰጣል። አምስት ኮከብ «ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ» ማለት ነው፤ አንድ ኮከብ «ደጁን እንዳትረግጡ»።

ነዋሪው ታዲያ ምን አደረገ? የአጎቱን ሱቅ አመሰገነ። የአክስቱን ፀጉር ቤት አወደሰ። አንዱማ የገዛ ራሱን ፎቶ ቤት በተለያየ ሰው ስም እየገባ «እንደዚህ ያለ ባለሙያ ዓይቼ አላውቅም» ሲል ከረመ። ትምኒት እያነበበች ተጸየፈች። «ከተማው ሙሉ የዘመድ ጉባኤ!» አለችና ሓወልቲ አካባቢ ስላለ አንድ ካፌ ራሷ ጻፈች፦

«ማኪያቶው ስለ ቡና ሰምቶ ያውቃል፤ በአካል ግን አልተገናኙም። አስተናጋጁ የሚታዘዘው ለቴሌቪዥኑ ነው። ሁለት ኮከብ፤ አንዱ ለወንበሩ፣ አንዱ ለጃንጥላው።»

ትምህርት ቤቱ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «የት ይሻላል» መልካም ቦታ የሚጠቆምበት መሆኑ ቀረና ትምኒት በሰው ሥራ ሙድ የምትይዝበት ሆነ። ስለ አንድ ጁስ ቤት «ፓፓያው ታሟል፤ ጠያቂ ይፈልጋል» አለች። ስለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ «የአጎቴ ልጅ ተቆርጦ ሲወጣ የለየሁት በጫማው ነው» አለች። በየኮሪደሩ «ምላሷ ምላጭ!» ይሏታል፤ አገጯን ቀና አድርጋ ታልፋለች። ሰው እንጀራ የሚበላበትን ሥራ በአንድ መስመር አፈር ድሜ ማብላት እንዲህ ቀላል ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ቀላል ሆነላት፤ ቀላል የሆነላትን ደግሞ ጎበዝ የሆነችበት መሰላት። ሓየሎም የድረ ገጹ ግንባር ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «እዚህ የተጻፈ ለማንም ተብሎ አይጠፋም።» መፈክሩን ያወጣችው ራሷ ናት።

ወደ ዙሀራ ፉል ቤት የገቡት በዚህ ጥጋብ ላይ ሳሉ ነው።

ዙሀራ ከወሎ መጥታ ከሆስፒታሉ ጀርባ በላስቲክና በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ፉል የምትሸጥ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ትምኒትና ሓየሎም ከትምህርት ወጥተው ርቧቸው ገቡ። ድስቱ እሳት ላይ ይንተከተካል። መደርደሪያው ላይ ምሳ ዕቃ ተደርድሯል።

«ሁለት ፉል» አለ ሓየሎም።

«አልቋል፣ የኔ ዓለም።»

«ይኼስ?» አለች ትምኒት ድስቱን በአገጯ እየጠቆመች።

«አልቋል አልኩሽ እኮ፣ እናቴ። ነገ በጧት ኑ፣ ወላሂ አጠግባችኋለሁ።»

ይህን እያለች ጋቢ ትከሻው ላይ የጣለ፣ እንቅልፍ ካየ የቆየ የሚመስል ሰውዬ ገባ። ምንም ሳይናገር አንዱን ምሳ ዕቃ በሁለት እጁ ተቀበለና ወጣ። ትምኒት እስከ ጆሮዋ ጋለች። ከተማው የሚፈራትን ልጅ አንዲት ፉል ሻጭ በር ላይ አቁማ ትመልሳት! ባጃጅ ውስጥ ሳሉ ጽፋ ጨረሰች፦

«ድስቱ ሙሉ፣ አፏ ‹አልቋል›። ዙሀራ ፉል ቤት የሚበላ ሰው በመልኩ ይመረጣል፤ እኛ አላለፍንም። ፉሉን አልቀመስነውም፤ ውሸቱ ግን ትኩስ ነው። አንድ ኮከብ፤ እሱም ዜሮ መስጠት ስለማይቻል።»

ከጻፈችው ሁሉ እንደዚህ የተዳረሰ የለም። ከሥሩም የማታውቃቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። «ድሮስ ከየት መጥታ ነው እኛን የምትመርጠው?» አለ አንዱ። «ሄደን እናስተምራት» አለ ሌላው። ትምኒት «ሄደን» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ላይኩ እየጨመረ ሲሄድ ግን ረሳችው።

«ምሳ ዕቃው የማነው?» አለች አሁን፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተቀመጠው እያየች።

«የአደይ ኣሪያም» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። «የልጅ ልጇን ይዛ ከዓብዪ ዓዲ የመጣች ሴት ናት። ልጁ ተኝቷል፤ እሷ ታስታምመዋለች። ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃዋን ለዙሀራ ትሰጣለች። ቀይ ክር ያለው የኣሪያም ነው፤ የሌላው አስታማሚ አረንጓዴ አለው፣ የሌላው ቁራጭ ጨርቅ። ዙሀራ ሞልታ ታስቀምጥላቸዋለች። ሐኪሙ ዞሮ ሲጨርስ፣ በሽተኛው ሸለብ ሲያደርገው፣ እንደየቻሉ ወርደው ይወስዳሉ። ፉል ሥጋ አይደል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ያን ቀን ተደርድሮ ያየሽው ሁሉ ባለቤት ነበረው። ድስቱም ጭምር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ‹የሰው ነው› ማለት ያቅታታል?»

«የሰው አደራ ያለበት ድስት ለእሷ ባዶ ድስት ነው። ‹አልቋል› አለችሽ። አልቆ ነበራ!»

ትምኒት ምላሷ ላይ የደረሰውን ቀልድ ዋጠችው።

«ትናንት ጎረምሶች መጡ አሉ» ቀጠሉ አያቷ፤ ጣታቸው የነጠላቸውን ጠርዝ እየፈተለ። «ስልካቸውን እንደ ጧፍ ይዘው። ምሳ ዕቃውን አንድ በአንድ እየከፈቱ በሉት። እየሳቁ! የበሽተኛና የአስታማሚ ጉሮሮ! ዛሬ ዙሀራ እሳት አላነደደችም። በሩን ዘግታ ውስጥ ተቀምጣለች። አደይ ኣሪያምን ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ ደጁ ላይ ቆማ አገኘኋትና ‹ሞልቼ አመጣልሻለሁ› ብዬ ተቀበልኳት።»

«እኔ እንደጻፍኩት ማን ነገረሽ?»

«እዚያው ደጅ ላይ አነበቡልኛ። ስምሽን፣ ፎቶሽን። ‹ይቺ ማን ይሆን ያሳደጋት?› አሉ።» ወይዘሮ የሺወርቅ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «እኔ ነኝ አላልኩም። እንዳያገኙሽና እንዳይመቱብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። አፍሬም ይሆናል፤ እንጃ።»

ይህን ብለው ተነሡና ምሳ ዕቃውን ይዘው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ወዲያው የውጭው በር ተንኳኳ፤ ሓየሎም ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ገባ።

«አደይ የሺወርቅ፣ ከመይ ውዒለን!» ብሎ ወደ ማድ ቤቱ በትግርኛ ሰላምታ ጮኸና መልስ ሳይጠብቅ ተቀመጠ። «ትምኒት፣ ጉድሽን አላየሽም? ፈንድተናል እኮ! ቪዲዮ ሁሉ ተሠራልን። ደግሞ ሓወልቲ አዲስ የተከፈተው ካፌ ‹መጥታችሁ በነፃ ተጋበዙ፣ አምስት ኮከብ ብቻ ስጡን› ብሏል።»

«ቀምሰነዋል?»

«ለአምስት ኮከብ ምን መቅመስ ያስፈልጋል?» ሓየሎም በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይኼን እይ።»

ቪዲዮው አጭር ነው። የእነሱው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ ክንድ ምሳ ዕቃ ይከፍታል፤ በማንኪያ ይዝቃል፤ ሌላው በስልክ ያነሣል። እጀታው ላይ ቀይ ክር አለ። ዙሀራ ከጥግ «ኧረ በአላህ፣ የበሽተኛ ነው፣ የበሽተኛ ነው» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን በሳቁ ተውጧል። ጎረምሶቹ ካሜራውን እያዩ በአንድ ድምፅ ጮኹ፦ «አንድ ኮከብ! እሱም ዜሮ መስጠት ስለማይቻል!»

ቃሉ የትምኒት ነው። ነጥቡ ሳይቀር የእሷ።

«ክፍል ሁለት እንሥራላት» አለ ሓየሎም። «‹ዙሀራ በሯን ዘጋች› እንበለው። ምን ትያለሽ?»

«ምግቡ የአስታማሚዎች ነበር። አደራ ነው ያስቀመጡት።»

«ይሁና።»

«ይሁና?»

«አቦ ትምኒት፣ ለአንዲት ፉል ሻጭ ብለን ልናለቅስ ነው? ላስቲክ ቤት እኮ ነው። እኛ ባንጽፍባት ማን ያውቃት ነበር? እንዲያውም ታመስግነን።»

ትምኒት አየችው። ይኼን አነጋገር ታውቀዋለች፤ አፍንጫን ነፋ አድርጎ፣ ሰውን ከላይ ወደ ታች እየለኩ መናገርን። ከመስታወት ፊት ቆማ የተለማመደችው ነው። በሓየሎም ፊት ላይ ሲቀመጥ ግን እንዲህ ያስጠላል ብላ አልጠረጠረችም።

«ዙሀራ መልስ ልስጥ ብትል በየት በኩል ትገባለች?» አለችው።

«ምን?»

«እኛ ጋ። በየት በኩል ትገባለች?»

ሓየሎም ግራ ገባው። «ስልኳ ኢንተርኔት የሌለው፣ ባለ ቁልፍ ነው። የት ትገባለች?»

ትምኒት ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችውና ያን ጽሑፍ ፈልጋ ማጥፊያውን ነካች። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ እንደ ዓባየይ ጠየቃት። ደግማ ነካችው። ጽሑፉ ጠፋ። ከላይ ግን «እዚህ የተጻፈ ለማንም ተብሎ አይጠፋም» የሚለው መፈክር እንደተገተረ ቀረ።

«ኣንቲ! አበድሽ?» ሓየሎም ላፕቶፑን ነጠቃት። ከዚያ ንዴቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ ሳቁ ከንዴቱ የባሰ ነበር። «እና ምን አመጣሽ? ግማሹ ትምህርት ቤት ስልኩ ላይ አለው። ነገ ጠዋት መልሰው ይልኩታል። አንቺ ምላጭ ነሽ ብለን ነበር፤ ለካ ዶልዱመሻል። ሂጂና እንግዲህ የአክስትሽን ፀጉር ቤት አሞግሺ!»

የሚያናድደው ነገር ሓየሎም እውነቱን መሆኑ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይኼ ደግሞ አፋፉንም ተሻግሯል። ማጥፋት ምንም አይደለም፤ የጣት ሥራ ነው። ጣት ደግሞ ማንንም ፊት ለፊት አያይም።

ወይዘሮ የሺወርቅ ከማድ ቤት ወጡ። ምሳ ዕቃው ተሞልቶ፣ ክዳኑ በደንብ ተጭኖ፣ የላላው ቀይ ክር እንደገና ጠበቅ ብሎ ታስሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወገባቸውን ያዙ። «ትንሽ ትንፋሼ ይመለስ፤ እኔው እወስደዋለሁ» አሉ። «ሽሮው ሳይቀዘቅዝ።»

ትምኒት ስለ ዙሀራ የተዘጋ በር አሰበች። ማንኳኳት አለ። ከውስጥ «ማነው?» መባል አለ። ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ዙሀራ ፊቷን ታያለች፤ ታውቃታለች። ደጁ ላይ አስታማሚዎቹ ይኖራሉ፤ ያ ጋቢ የለበሰው ሰውዬም ሊኖር ይችላል። ፎቶዋን አይተዋል። ለዚያ የሚሆን አንድም ቀልድ የላትም።

«እሺ ተይው፣ ተናድጄ ነው» ይላል ሓየሎም። «ሓወልቲ እንሂድና ቢያንስ ኬኩን እንብላ። ትምኒት? እያናገርኩሽ እኮ ነው!»

ተነሣች። ነጠላ ጫማዋን አደረገች። ምሳ ዕቃውን ከጠረጴዛው አነሣችው፤ ትኩሳቱ በቆርቆሮው ዘልቆ መዳፏን አቃጠላት፤ ክሩን በጣቷ ጠምጥማ አስተካክላ ያዘችው።

ደጃፉ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የሚመጣውን ጥያቄ ጠበቀች። ወዴት ነው? ከማን ጋር ነው? ባጃጅ ላይ መሃል ተቀመጪ። ዓባየይ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ገጠሙት።

ትምኒት ግቢውን አቋርጣ ወጣች፤ የውጭውን በርም ሳትዘጋው ሄደች።