«ተነበበ» የሚለው ምልክት

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሲገኙ ኮምፒውተራቸው ገና አልጠፋም ነበር። ማጅራታቸውን የመታቸው የነሐስ ሽልማት ወንበሩ ሥር ወድቋል። ሐኪሙ፣ «የሞቱት ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ» ብሎ ሄደ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንላትም፤ ካልተንጎራደደች ነገሩ አይጠራላትም። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎ «ተማሪዋን ይዘሽ ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሏታል።

ተማሪዋ የፕሮፌሰሩ የዶክትሬት ተማሪ ናት። ትናንት ስትጨቃጨቃቸው ተሰምታለች፤ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ በራቸው ላይ ታይታለች።

«አንኳኳሁ፣ መልስ ሳጣ ተመለስኩ» አለች ጣቶቿን እያፍተለተለች።

«የትናንቱስ ጭቅጭቅ?»

«ምዕራፉን ለሦስተኛ ጊዜ መለሱብኝ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ግን እኮ ልክ ነበሩ።»

ቀጥሎ የምርምር ክፍሉ ምክትል ኃላፊ ገባ። ሸሚዙ ላይ አንዲት መጨማደድ የለም። «ማንንም መወንጀል አልፈልግም» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው መወንጀሉ መቼም አይቀርም። «እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ዋናው ሕንፃ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እሳቸው ግን እስከ አራት ሰዓት ተኩል ሲሠሩ ነበር። ይኸው፣ ይዩት።»

ላፕቶፑን አዞረላት። ክፍሉ የሚያነባቸው ጽሑፎች ሁሉ በአንድ የማጣቀሻ ፕሮግራም ይሰበሰባሉ፤ ማን፣ መቼ እንዳስገባቸው ይመዘገባል። ፕሮፌሰሩ አንብበው ለጨረሱት ጽሑፍ «ተነበበ» የሚል ምልክት ይሰጣሉ። ዛሬ ጠዋት በስማቸው ሦስት ጽሑፎች ገብተዋል፤ ሦስቱም ተነበበ ይላሉ። የመጨረሻው የገባው አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው።

«በፕሮግራሙ የሚሠሩት እዚሁ ክፍል ሆነው ብቻ ነው?»

«ከየትም ይቻላል። የይለፍ ቃላቸውንም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሲጠፋባቸው የምናስታውሳቸው እኛው ነን» አለ ፈገግ ብሎ። «እሳቸው ግን ከዚህ ክፍል አይወጡም።»

አራት ሰዓት ተኩል በሕይወት ከነበሩ፣ በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ተማሪዋና የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብቻ ናቸው። ገመዱ በልጅቷ አንገት ላይ ጠበቀ። ወንፊት ወደ ፕሮፌሰሩ ክፍል ተመልሳ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ተመላለሰች። ልቧ እምቢ ብሏታል፤ ግን ልብ ማስረጃ አይሆንም።

ድንገት ቆመች። ቅርጫቱ በእርሳስ ቅራፊ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ጉማጅ እርሳስ አለ። በክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ቅጠል ወረቀት የለም።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረደች። ሠራተኛዋ ጡረታቸው የቀረበ እናት ናቸው፤ ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ፣ ፕሮፌሰሩ በእርሳስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ልጅቷ ልትታሰር ነው።»

ሴትዮዋ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈቱ። ወንፊት ያየችውን አይታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሁላችሁም ፕሮፌሰሩ በኮምፒውተር የሚያነቡ ይመስላችኋል» አለች። «ስክሪን ግን ዓይናቸውን ያቃጥላቸው ነበር። እትዬ በምሥጢር ያትሙላቸዋል፤ በእርሳስ እያሰመሩ ያነባሉ፤ ሲጨርሱ ምልክቱን ፕሮግራሙ ላይ ያደርጉና ወረቀቱን እዚህ ይመልሳሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ 'ተነበበ' ያሉት ጽሑፍ ሁሉ ወረቀቱ እዚህ አለ፤ አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ። የዛሬዎቹ ሦስቱ ግን የሉም።»

«ፕሪንተሩ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ተበላሽቷል» አሉ ሴትዮዋ።

«ስለዚህ ያስገባቸው ሌላ ሰው ነው። ለምን? ሰውየው በዚያ ሰዓት ሕያው ነበሩ ለማስባል። ይህ ማንን ይጠቅማል? ተማሪዋን አይጠቅምም፤ በራቸው ላይ የታየችው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። እትዬንም አይጠቅምም፤ ጠዋቱን ሙሉ ብቻቸውን ነበሩ። የሚጠቅመው ከሦስት ሰዓት በኋላ ምስክር ላለው፣ ከዚያ በፊት ግን ለሌለው ሰው ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ስብሰባው ላይ ላፕቶፕዎን ከፍተው ነበር። ስምንት ሰው አይቶዎታል።»

«ምን ጠብ ነበረንና ነው?»

ወንፊት ትናንት ማታ የተመለሰውን የመጨረሻውን ወረቀት አነሣች። ለማዕረግ እድገት ያስገባው የምክትሉ ጥናት ነው። ከጥናቱ መጨረሻ ካሉት ማጣቀሻዎች በአሥራ አንዱ ጎን፣ በደከመ የእርሳስ ጽሕፈት፣ «ፈለግሁ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም» ይላል። ከሥሩም፣ «ጠዋት ልንገረው። ጥናቱን ራሱ ቢስበው ይሻለዋል» የሚል አለ።

ተማሪዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ምክትሉ ግን ጽሕፈቱን ትቶ ቁም ሣጥኑን፣ በጥንቃቄ የተደረደሩትን ክምሮች ያይ ነበር።

«በወረቀት ነበር የሚያነቡት?» አለ በቀስታ። «ለምን ደበቁኝ?»

ሴትዮዋ ቁም ሣጥኑን ዘጉ።

«አንተ እንዳትስቅባቸው ነዋ፣ ልጄ» አሉት።