ከመቅደሱ ደጅ የቀረ ጫማ

ማመን የፈለገ ይመን... ያልፈለገ ይተወው። እኔ ግን በእናቴ አልዋሽም።

ማንደፍሮ እባላለሁ። ሰቆጣ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የጥንት ቅርሶችን ፎቶ ማንሳት ነው። ጋኔን ምናምን ሲሉ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። በበጋ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቄሰ ገበዙ አባ አሥራተ ማርያም ግቢውን አዞሩኝ። የድንጋዩን ደወል... ያረጀውን ጥድ... የጥንት ሰዎችን መቃብር።

ከአጥሩ ጥግ ግን አዲስ የድንጋይ ክምር አየሁ።

"ይሄስ የማን ነው፣ አባ?"

"የመንገደኛ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በጦርነቱ ጊዜ... ስሙን እንኳ ሳይነግረን አረፈ።"

ልቤ ድንግጥ አለ።

ታናሽ ወንድሜ ትእዛዙ በዚያው ጊዜ እንደወጣ ቀርቷል። እናቴ "በዓይኔ ሳላየው አላለቅስም" ብላ ለቅሶ ከልክላን ነበር። ሁልጊዜ የእግር ውሃ ታሞቅለት ነበር። ከመንገድ የገባ ሰው እግሩ ይታጠባል ትላለች...

ጫማዬን ደጁ ላይ አውልቄ ገባሁ። ፎቶዬን አንስቼ ስወጣ...

ከጫማዬ አጠገብ ሌላ ጫማ አለ።

ኮንጎ። እርጥብ ጭቃ የያዘ... በዚያ ድርቅ!

የግራው ማሰሪያ በሰማያዊ ሽቦ ተሰፍቷል። ለትእዛዙ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

"አባ... ማን ገባ?"

"ኧረ ማንም! ከእኔና ከአንተ በቀር ማን አለ?"

"ይሄ ጫማስ?"

አዩት። አማተቡ።

"ስንቀብረው..." አሉ፣ "ከእግሩ አላወለቅነውም ነበር።"

ጫማውን አቅፌ ቤት ደረስኩ። እናቴ በር ላይ ቆማለች... እየሳቀች።

"ቀስ በል!" አለችኝ በሹክሹክታ። "ወንድምህ ተኝቷል።"

"እማ..."

"በባዶ እግሩ መጣ፣ እናቱ አፈር ትብላ! አጠብኩት። ጫማዬን ማንደፍሮ ያመጣዋል አለኝ።"

መደቡን አየሁ። ጋቢው ተዘርግቷል። ሰው የለበትም።

እግር ወደምታጥብበት ሳፋ ዞርኩ።

ሳፋው ውስጥ ግን ውሃው በጭቃ ደፍርሷል... ገና ይተናል።

እናቴ ጫማውን ተቀበለችኝና መደቡ ሥር አስተካክላ አስቀመጠችው። ባዶውን ጋቢ ትክ ብላ አየችው። ሳቋ ጠፋ።

"በቃ፣ አየሁት" አለች። "አሁን ላልቅስለት።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች። የዚያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እሷ ስታለቅስ... ጋቢው ቀስ ብሎ ወደ ራስጌው ተሳበ። ሰው ፊቱን ሲሸፍን እንደሚያደርገው።