ቀይ ጠብታ በቴምር ካርቶን ላይ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ሳውዲ፣ ኹበር ውስጥ፣ ሴቶች ለለቅሶም ለደስታም ተሰብስበን ጨዋታው ወደ ጂን ሲዞር፣ እገሊት በቀትር መታጠቢያ ቤት ገብታ ምን እንዳየች ሲወራ፣ ሳህን ልሰብስብ ብዬ የምነሳው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ከማል ደግሞ ከእኔም ይብሳል፣ ለእሱ ያለ ምክንያት የሚንኳኳ ነገር የለም፣ ወይ የላላ ቡሎን አለ ወይ ያለቀ ኩሽኔታ አለ። ስለዚህ የምጽፈውን አንብባችሁ ይቺን ሴት ሐዘን አዙሯታል ብትሉ አልቀየማችሁም፣ ስለ ሌላ ሴት ባነብ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ከማል አል ዐዚዚያ ሰፈር ለሚኖር አንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። እኛ የምንኖረው ግን ኹበር አል-ጀኑቢያ ካረጁት ቤቶች በአንዱ ነው፣ አጥር ያለው ጠባብ ግቢና ለአንድ መኪና የምትበቃ የቆርቆሮ ጥላ ነበሩት። ልጃችን ሐያት እዚያው ተወልዳ እዚያው አደገች። ካፊሉ፣ አሠሪው ማለት ነው፣ ለራሱ አዲስ መኪና ሲገዛ አሮጌዋን ልጆቹን እንዲያመላልስባት ለከማል ሰጠው፣ ስሟ በካፊሉ ነው፣ ጣጣዋ በእኛ።

መኪናዋ ከካምቢዮዋ ዘይት ታፈስ ነበር። የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፣ የሞተሩ ይጠቁራል፣ ይህን የተማርኩት ከከማል ነው። ለካፊሉ ደጋግሞ ነገረው፣ መልሱ ሁልጊዜ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ጨምርበት» ነበር። ጨመረበት። እየጨመረም የሚያፈሰውን ቦታ ይፈልግ ነበር፣ ከሥራ ሲመለስ የመኪናዋን ሆድ በጨርቅ ይወለውላል፣ የሕፃን ፓውደር ይነሰንስበታል፣ እስከ ባሕሩ ዳር ነድቷት ይመለስና ባዶ የቴምር ካርቶን መሬት ላይ ዘርግቶ በእግሩ እየገፋ ከሥሯ ያስገባል። ዘይቱ በፓውደሩ ላይ ቀይ መንገድ ያበጃል፣ ከዚያ ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግን አንድ ቀን ከፊት ነው፣ አንድ ቀን ከኋላ። «የምትንጠባጠብበት ቦታ የምታፈስበት ቦታ አይደለም» ይለኛል ከሥር ሆኖ፣ «ንፋስ ይገፋዋል፣ ብረት ለብረት ይሄድና ሌላ ቦታ ይወድቃል፣ ሞኝ ያደርግሻል።»

የእጅ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ብርሃን ሲፈልግ አይጠራኝም፣ በመፍቻው ብረቱን ሁለቴ ይመታል፣ ኳ ኳ፣ እኔም ወጥቼ እንበረከካለሁ። አያያዜ መቼም ልክ ሆኖ አያውቅም፣ ፊቱ ላይ ይሆናል የማበራው፣ እሱም የእጄን አንጓ በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል። «ፊቴን ምን ያደርግልሻል፣ ታውቂው የለ» ይለኛል። በዘይት የተነካ እጁ አንጓዬ ላይ ቀይ ምልክት ይተዋል፣ እሱን በሳሙና ሳሽ ነበር የማመሸው።

ሙቀቱ በበረታበት ወቅት፣ ወደ ደማም ሲሄድ መኪናዋ መሳብ አቆመች። ዳር አወጣት፣ ሁልጊዜ ኋላ የሚይዘውን ካርቶን አነጠፈ፣ ከሥሯ ገባ። ፀሐዩ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች። መንገደኛ ሲደርስ ይታይ የነበረው እግሩ ብቻ ነው አሉ። ሆስፒታል ሙቀት ገደለው አሉን፣ ሌላ የጨመሩት ነገር የለም።

ካፊሉ ለለቅሶ መጥቶ በር ላይ ቆመና «አላህ ይርሐሙ፣ ግን ዘይቷን ቢያይ ኖሮ» ብሎ ሄደ። መኪናዋንም የሞተች መኪና ቤቴ አላቆምም ብሎ ወደ እኛ ግቢ አስጎትቶ ላካት፣ በዒዳዬ መስኮቴ ሥር ተቀመጠች። ዒዳ ማለት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ የማትርቅበት ጊዜ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቶልን እኔና ሐያት አገራችን እንገባለን። እስከዚያ ዓለሜ ሁለት ክፍልና ግቢው ነበር፣ ግቢውን ደግሞ እሷ ሞልታዋለች።

የካፊሉ ሚስት፣ ማዳም፣ ስለ ወረቀታችን ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ሐያት ነበረች። እራት ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማማ፣ ባባ ከስላን ነበር?» አለችኝ። ሰነፍ ነበር ወይ ማለቷ ነው።

«ማን አለሽ?»

«ማዳም። ከስላን ባይሆን ዘይት ያይ ነበር፣ ዘይት ቢያይ አይሞትም አለች።»

አባቷን ሁለተኛ ገደሉባት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ ያ ዘይት የት እንደሚያፈስና በማን ጥፋት እንደሚያፈስ ማወቅ፣ ከዚህ አገር ስንወጣ ልጄ ሰነፍ አባት ይዛ እንዳትወጣ።

የከማል ጓደኛ ኑሩ ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ መካኒክ ነው። መጣና ኮፈኗን ከፍቶ አየ፣ እኔ በመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ነበር የማናግረው።

«ኡሙ ሐያት፣ መለኪያው ደረቅ ነው፣ ጠብታ የላትም» አለኝ። «ሞተሯም አይነሳም። ዘይት ሞልተው አስነስተው ነው የሚፈለገው፣ እንዲህ ሆና ምን ትነግረናለች?»

«ብቻ የት እንደሆነ እይልኝ።»

«ከማል ያላገኘውን እኔ በምን ዓይኔ?» ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረ። አንድ ጁምዓ ተመልሼ እፈትሻታለሁ ብሎኝ የመኪናዋን ባትሪ ፈትቶ ይዞ ሄደ።

ድምፁ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። የዙህር አዛን ብሎ ሱቆቹ ሲዘጉ፣ ሐያት ትምህርት ቤት ሳለች፣ መንገዱ ላይ ድመት እንኳ በማይታይበት ሰዓት፣ ከመስኮቴ ሥር ካርቶን በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ቀስ ብሎ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጎተታል፣ በእግር ገፋ ገፋ ሲደረግ እንደሚሰማው። ድመት ናት አልኩ። በማግስቱም ድመት ናት አልኩ። በሦስተኛው ብወጣ ከበር ኋላ ከተደረደሩት የቴምር ካርቶኖች የላይኛው የለም፣ መኪናዋ ሥር ተዘርግቷል፣ መሀሉ ላይ ቀይ ጠብታ አለ። ነካሁት፣ እርጥብ ነው። አሸተትኩት፣ ያው የተቃጠለ የሚመስል ሽታ፣ የከማል ሸሚዝ ሽታ።

ለኑሩ ደወልኩ።

«ባዶ ሆድ ያስመልሳል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «የድሮ ካርቶን ይሆናል።»

«እርጥብ ነው እኮ ነው የምልህ።»

ከዚያ በሌላ ድምፅ «አያተል ኩርሲ ቅሪ፣ መስኮቱንም ዝጊው» አለኝ። መስኮቱን ግን አልዘጋሁትም። እመኑኝ፣ ፍርሃት አልነበረም የያዘኝ፣ ንዴት ነበር፣ ከማል፣ ካፊሉ አልሰማህ ብሎ፣ ማዳም ስምህን አጥፍታ፣ አሁን ደግሞ እሷ መኪና ሥር ትገባለህ እንዴ የሚል ንዴት።

በማግስቱ ጠዋት ሐያትን ከሸኘሁ በኋላ ቀሚሴን ሰብስቤ መሬት ተኛሁና ከማል ሲያደርግ እንዳየሁት የመኪናዋን ሆድ ወለወልኩ፣ ፓውደሩን ነሰነስኩበት፣ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ከዚያ ገብቼ ጠበቅሁ። አዛን አለ፣ ሱቆቹ ተዘጉ፣ ካርቶኑ ተጎተተ። እስከዚህ ለምጄዋለሁ። ቀጥሎ የመጣውን ግን አልለመድኩትም፣ ብረት ላይ ሁለቴ፣ ኳ ኳ።

እግሬ ሳልጠይቀው ተነሳ። የእጅ ባትሪውን ከመስኮቱ ደፍ አንስቼ ወጣሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ጎንበስ ብዬ አበራሁ። ማንም የለም። ማዶ ያለው አጥርና የቧንቧው እግር ይታየኛል፣ በመሀል ሰው ቢኖር ይከልለው ነበር። ፓውደሩ እንዳለ ነው፣ ነጭ፣ የተነካ ቦታ የለውም። ልነሳ ስል አንጓዬ ተገፋ። ነፋስ ነው አትበሉኝ፣ ነፋስ አልነበረም፣ የእጅ ጀርባ ነበር፣ ሻካራና ሞቃት፣ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ገፋኝና ተወኝ። ብርሃኑ ከራዲያተሩ ሥር አንዲት አጭር ቱቦ ላይ አረፈ፣ ቱቦዋ ከብረቱ ጋር ከምትገናኝበት ቦታ ቀይ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር፣ እያየኋት ወደቀች።

ቤት ገብቼ ነው አንጓዬን ያየሁት። ቀይ ነበር። ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሁንም በሳሙና እያሸሁት ነበር።

ጁምዓ ኑሩ መጣ። ቱቦዋን ብቻ እይልኝ አልኩት፣ እንዴት እንዳወቅሁ አልነገርኩትም። ክሪክ አቁሞ ገባ፣ ብዙ ቆየ፣ ሲወጣ ቱቦዋን ፈትቶ ይዟት ነበር።

«ይቺ የዘይት ቱቦ አይደለችም» አለ ወደ መስኮቱ ሳይዞር። «የውሃ ናት። የካምቢዮ ዘይት ሲግል ያሟሟታል፣ ስትሞቅ ታፈስና ስትበርድ ትዘጋለች፣ ለዚህ ነው ያላገኛት።»

«ማን አስገባት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ኑሩ፣ ማን አስገባት?»

ጣቶቹን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፣ ንጹሕ ከሆኑ በኋላም አላቆመም። «ካፊሉ ሌላ ቦታ አሠርቷት ያውቃል፣ እዚያ ሊሆን ይችላል» አለ። ቀጥሎም «ከማልም አንድ ጊዜ ከእኔ ዘንድ የውሃ ቱቦ ወስዶ ነበር፣ ለቤት ይሁን ለምን አልጠየቅሁትም። ወላሂ አልጠየቅሁትም፣ ኡሙ ሐያት» አለኝ።

ወደ ማዳም ደወልኩ። ቱቦው መጥፎ ነበር፣ ባለቤቴ ሰነፍ አልነበረም፣ ለልጄ ይህን ንገሪልኝ አልኳት። «ባልሽ ነው ያስገባው» አለች፣ ሳታስብ፣ ሌላ ሰው እያናገረች። «ኸላስ፣ ነገ መኪናዋን ይወስዷታል።» ዘጋችው።

ለሐያት ቱቦዋን አሳየኋት። ካፊሉ ያሠራበት ጋራዥ ያስገባው ነው፣ ባባ ሲፈልገው ነበር የሞተው አልኳት። ቱቦዋን እንደ ዕቃ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። እውነት ይሁን ውሸት ያልኳት አላውቅም፣ አሁንም ይህን ስጽፍ አላውቅም።

መኪናዋን ወደ ተሽሊሕ፣ መኪና በቁራጭ ወደሚሸጥበት፣ ጎትተው ወሰዷት። ግቢው ሲሰፋ አስጠላኝ። ሲሚንቶውን በሳሙና አጥቤ፣ የቀሩትን ካርቶኖች ቀዳድጄ ጥዬ፣ አንድ ብቻ መጽሐፍ ልከትበት አስቀርቼ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ተገኘ፣ ቱቦው ነው፣ በቃ ዕረፍ አልኩት። ደግሞም አረፈ፣ ካርቶን ሳይጎተት ቀኖች አለፉ፣ ዒዳዬ አለቀ፣ ኹሩጁ ተመታ።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሐያት ጓደኞቿን ልትሰናበት ወጥታ እኔ ሻንጣ እየዘጋሁ ነበር። የዙህር አዛን አለ፣ ሱቆቹ ተዘጉ። መጽሐፍ ልከትበት ያስቀረሁት ካርቶን ከክፍሉ እንደሌለ ያየሁት ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ነው። ወጣሁ። የቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ፣ ተዘርግቷል። ከላዩ መኪና የለም፣ ብረት የለም፣ ቱቦ የለም። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁት፣ ደረቅ ነው። ጎንበስ ስል ካርቶኑ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ ቀይ፣ ከዚያ ሌላ።

የሚያፈሰው ያ ቱቦ አልነበረም ማለት ነው፣ ወይም ቱቦው ነበርና እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሰማሁ፣ ምንም ብረት በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ ሁለቴ፣ ኳ ኳ።

የእጅ ባትሪውን አምጥቼ ተንበረከክሁ። አንጓዬን ይገፋዋል ብዬ ሐያት ተመልሳ በሩን እስክታንኳኳ ጠበቅሁ፣ አልገፋውም። ብርሃኑን ይዤ፣ የት እንደማበራለት ሳላውቅ፣ እዚያው ነበርኩ።