ስምንተኛው ነጭ መስመር

ያልሆነውን ሆነ ብዬ የማተርፈው ነገር የለም። ማመን ያቃተው ይለፈው። እኔ የምጽፈው በሁለት እጆቼ የነካሁትን ነው።

የምጽፈው ደግሞ ከእህቴ ቤት ሆኜ ነው። የራሴ ቤት አለኝ። ቁልፉ ግን ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ውጪ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። እኔ ሹራብ ላይ ካፖርት ደርቤ የጭቃ መጋዘን ውስጥ ቆሜያለሁ።

ጭቃ ስላችሁ የሐይቅ ጭቃ ነው። ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ሐይቁ ወለል ውስጥ ይተከልና ጭቃውን እንደያዘ ይወጣል። ከዚያ ሜትር ሜትር እየሆነ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ሜትር ደግሞ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል።

መሐሉ ሲታይ መስመር በመስመር ነው። ዝናብ የጠገበ ዓመት ጥቁርና ወፍራም መስመር ጥሎ ያልፋል። ሐይቁ የጎደለበት የድርቅ ዓመት ቀጭን ነጭ መስመር ነው። እኔ እሱን በማጉያ መነጽር ስቆጥር እውላለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ "ተምራ ተምራ ጭቃ ውስጥ ገባች" እያለች ታማኛለች።

ከሁለቱ ግማሾች በአንዱ እንሠራለን። ሌላው ምስክር ነው። ተጠቅልሎ ይቀመጣል እንጂ አይነካም።

አንድ ሕግ አለ። አንዴ የተለያዩ ሁለት ግማሾች ተመልሰው ፊት ለፊት አይገጠሙም።

ይህን ሕግ አጥብቀው የሚይዙት የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ በሌሉበት "ጭቃ ሹም" እንላቸዋለን። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ነው። ለምን ሲባሉ የአንዱ ጭቃ ሌላውን እንዳያበላሽ ነው ይላሉ። ሲሉ ግን ዓይን ዓይናችንን አያዩንም።

ነገሩ የተጀመረው በቁጥር ነው።

ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁን ያደረቀ ትልቅ ድርቅ ነበር። እኔ በምሠራበት ግማሽ ላይ ቆጥሬ ሰባት ነጭ መስመር አገኘሁ። ሰባት ዓመት ማለት ነው። አለቃዬ ዶክተሯ የምስክሩን ፎቶ አይተው ስምንት ነው አሉ። ሪፖርቱ ዓርብ ይገባል። ዓይንሽ ደክሟል መሰለኝ፣ ነገ እኔው እቆጥረዋለሁ አሉኝ።

ዓይንሽ ደክሟል መባሉ ከነከነኝ። እልኸኛ ነኝ፤ የደረሰብኝም በእልኸኛነቴ ነው።

ጭቃው የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ብቻን አይገባም። የሚገባ ሰውም የስም ካርዱን በሩ አጠገብ ካለው መንጠቆ ላይ ይሰቅላል፤ ውስጥ ሰው እንዳለ እንዲታወቅ። የዚያን ዕለት ጓደኛዬ ፈቃድ ላይ ነበረች። ካርዴን ብሰቅል ብቻዬን መግባቴ ሊታወቅብኝ ነው።

ለአምስት ደቂቃ ነው ብዬ ሳልሰቅል ገባሁ።

ስልኬን ቢሮ ቻርጅ ላይ ተውኩት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለብኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። እኔና እሷ ብቻ ነን የምንኖረው።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። ጥግ ላይ የማቀዝቀዣው ማሽን ውሃ ወደ ባልዲ ይንጠባጠባል።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ሁለቱን ግማሾች አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው።

የእኔ ሰባት። ምስክሩ... ስምንት።

እንደገና ቆጠርኩ። ሰባት። ስምንት።

አንድ ሽንኩርት ለሁለት ተቆርጦ ከግማሾቹ በአንዱ ላይ ብቻ አንድ ልጣጭ ሲጨምር አስቡት። አይሆንም። አንድ ጭቃ ነው፤ በአንድ ቢላ ነው የተሰነጠቀው።

ስምንተኛው መስመር ከሰባቱ በላይ ነበር። እንደ ክር የቀጠነ ነው። የተጠቀለለበት ላስቲክ እሱ ጋ ብቻ ጉም ለብሷል። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት፤ አልጠፋም። ጉሙ ከውስጥ በኩል ነው።

ትንፋሽ ይመስላል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በራሴ ሳቅኩ።

የጠርዙን መስመሮች ባገጣጥም ስህተቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። አንዴ ብቻ... ማንም አያየኝም...

ላስቲኩን ፈታሁ። ሁለቱን ግማሾች ፊት ለፊት ገጥሜ እንደ መጽሐፍ ከደንኳቸው።

ከኋላዬ በሩ "ቀጭ" አለ።

ዞር አልኩ። በሩ መጀመሪያውንም ዝግ ነበር። ከውስጥ ክብ መግፊያ አለው፤ በመዳፍ ሲገፉት ይከፈታል። ገፋሁት። ገባና እዚያው ቀረ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በትከሻዬ ገፋሁ። በእግሬ መታሁ። ግድግዳ እንደመምታት ነው።

አትደናገጪ አልኩ ለራሴ። ጭቃ ሹም በዚህ ኮሪደር ያልፋሉ። በቡጢዬ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ኳ... ኳ... ኳ...

ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።

ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነው። መንጠቆው ባዶ ነው። ውስጥ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ ማንም የለም።

"ማነው ያለው?" አልኩ በሩ ላይ አፌን ለጥፌ። "እባካችሁ፣ ሰው መልሱልኝ።"

ኳ... ኳ... ኳ...

ከበሩ አይደለም። ከኋላዬ ነው።

ለረጅም ጊዜ አልዞርኩም። ከዚያ ማሽኑ ነው፣ ቧንቧው ነው እያልኩ ዞርኩ። ጠረጴዛው ላይ ከተገጠመው ቱቦ በስተቀር ምንም የለም።

ልሞክር ብዬ በሩን ሁለት ጊዜ ብቻ መታሁ።

ቱቦው ሁለት ጊዜ መለሰ።

ከመሐሉ ነው የሚንኳኳው። ልክ ነጮቹ መስመሮች ያሉበት ቦታ። ቀጥሎ ትንሽ ወደ ላይ። ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ ወደ ላይ። የቱቦው ቀይ ክዳን የላይኛው ጫፍ ነው፤ ወደ ዛሬ የሚቀርበው ጫፍ። ድምፁ ወደ እሱ እየወጣ ነበር።

ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። መሸሺያ የለም። ክፍሉ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ ነው።

ያኔ አንድ ነገር እንደጎደለ ገባኝ። የውሃው ጠብታ ቆሟል።

ባልዲውን አየሁት። ስገባ ግማሽ ድረስ ነበር። አሁን ታቹ ደርቆ ነጭ አቧራ ይዟል።

ቅዝቃዜው እንዳለ ነው፤ እርጥበቱ ግን ጠፍቷል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ከንፈሬን ስልሰው ተሰንጥቆ ደም ደም አለኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው ጭቃ ሁሉ በየላስቲኩ ውስጥ ሲሰነጠቅ ይሰማኛል፤ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ዓይነት ድምፅ ነው።

ከዚያ ሹክሹክታ መጣ።

"ውሃ..."

የሴት ድምፅ ነው። ቀይ ክዳኑ ሥር።

"ማነሽ?"

"ክፈቺልኝ።"

"እኔም ተዘግቶብኛል።"

ቱቦው ውስጥ ጥፍር ሲፍቅ ሰማሁ።

"አንቺ ክፈቺልኝ... አንቺም ትወጫለሽ።"

እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር የማልለው ቀጥሎ ለተናገርኩት ነው። ፈርቼ ነበር፤ የምለምነው ሰው ጠፍቶኝ ነበር። የሚሰማኝ ሌላ ስለሌለ እሷን ለመንኳት።

"ልጅ አለችኝ" አልኳት። "ዘጠኝ ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከእኔ ሌላ ማንም የላትም። እባክሽ ልቀቂኝ።"

ፍቂያው ቆመ።

"ውሃ ይዛለች?"

ጥያቄው ግራ ገባኝ። አፌ ከሐሳቤ ቀደመ።

"አዎ" አልኳት።

መጠበቋን አውቃለሁ። ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ጥፍሮቼን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቼ ሁለቱን ግማሾች አላቀቅኳቸው።

ትኩስና ደረቅ ነፋስ ፊቴን መታኝ። አቧራ አቧራ ሸተተኝ።

ጭቃውን አየሁ። የእኔ ሰባት። ምስክሩም ሰባት። ስምንተኛው መስመር የነበረበት ቦታ ጣት የማያስገባ ክፍተት ብቻ ቀርቷል።

በሩ ተከፈተ።

ጭቃ ሹም ናቸው። ተቆጥተዋል።

"ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ፣ ልጄ? አንዷ ታንኳኳለች፣ አንዷ ትመልሳለች።"

"ብቻዬን ነኝ ጋሼ።"

ወደ ኮሪደሩ ዞር ብለው አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ታዲያ አሁን በአጠገቤ ያለፈችው ማናት? ሰላምታ እንኳ አታውቅም።"

ወለሉ ላይ የባዶ እግር ዱካ ነበር። ነጭ፣ ትንንሽ፣ ወደ መውጫው የሚሄድ። እሳቸው ዱካውን አዩ፣ ቀጥለው ጠረጴዛውን አዩ። "ገጠምሻቸው" አሉ ቀስ ብለው።

የኮሪደሩ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ይላል። እኔ የመሰለኝ ሩብ ሰዓት የቆየሁ ነው።

ካፖርቴን ሳላወልቅ በዚያ ፀሐይ ሮጥኩ። ሰው ዞሮ ያየኛል። ትምህርት ቤቱ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ በስንት ደቂቃ እንደደረስኩ አላውቅም።

ልጄ ሚጣ ከዘበኛው ጎን ቆማለች። ደህና ናት። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ አቀፍኳት። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

"እማዬ፣ ውሃዬ አለቀ" አለችኝ።

ጠዋት የሞላሁላትን ኮዳ ዘርግታ ሰጠችኝ። ክዳኑ የለም። ውስጡ ውሃ ነክቶት የማያውቅ ይመስል ደርቋል። አንገቱ ላይ አምስት ነጭ የጣት አሻራ አለ።

"ማን ጠጣው?" አልኳት።

"የሥራ ጓደኛሽ። እናትሽ ልካኝ ነው አለችኝ። ከንፈሯ ሁሉ ተሰነጣጥቋል፣ አሳዘነችኝ።" ትንሽ አሰበች። "ግን አልጠገበችም። እኛ ቤት ብዙ ውሃ አለ አልኳት።"

አንገቷን አየሁ። የቤት ቁልፍ በክር አድርጌ አስሬላት ነበር፤ ምናልባት ባረፍድባት ብዬ።

ክሩ የለም።

"ቤት እጠብቃችኋለሁ ብላለች" አለች ሚጣ።

ያን ጊዜ ወደ ቤት መሄድ አልነበረብኝም። ሰው ቤቱን ትቶ የት ይሄዳል? የሚጣን እጅ ይዤ ሄድኩ።

አጥሩ ላይ ያለው የውሃ ቆጣሪ ከሩቅ ይጮኻል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ዓይን እስኪያጭበረብር ይሽከረከራል። በሩ ጋ ስንደርስ የወጥ ቤቱም፣ የመታጠቢያውም፣ የጓሮውም ቧንቧ እኩል ሲወርድ ይሰማል። ያ ሁሉ ውሃ እየወረደ በበሩ ሥር ጠብ ያለ የለም። ደፉ ላይ ያለው ነጭ አቧራ ነው።

ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ደረቁ። መጨረሻ የጓሮው ቆመ። ቆጣሪውም ቀጥ አለ።

እጀታውን ከውጪ ያዝኩት፤ እንዳትወጣ ይሁን እንዳልገባ አላውቅም።

ከውስጥ ተንኳኳ።

ኳ... ኳ... ኳ...

"እማዬ" አለች ሚጣ በሹክሹክታ፣ "ተዘግቶባት ነው።"

እጇን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። አልደረስኩም።

ትንሿን ቡጢዋን አንስታ ሦስት ጊዜ መለሰችላት።