የድንቢጥ መስመር

«ስታክ አደረገ! ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ የኮምፒውተር ክለቡ አስተማሪ።

ስክሪኑ ድርቅ ብሎ ቀርቷል፤ ማውሱም ኪቦርዱም አይሰማም። ድንቢጥ ከጓደኛዋ ከቀጮ ጎን ቆማለች።

ሁለቱ ለነገው ውድድር የሠሩት፣ ታንከር ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ሲል የሚናገር መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን፣ ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም የጻፈው ቀጮ ነው። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር መሣሪያው የኮምፒውተሩን ሥራ አቋርጦ ይጣራል፤ ድራይቨሩም መልእክቱን የሚያኖርበት ሚሞሪ ይጠይቃል። አጠያየቁ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቦታ እስኪገኝ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ሌላው ካለ ይወስዳል፣ ከሌለ ወዲያው ይመለሳል። የሰው ሥራ አቋርጦ የገባ ደግሞ መተኛት አይፈቀድለትም፤ ከተኛ ማሽኑ በሙሉ ይቆማል። ቀጮ ይህን ስለሚያውቅ የማይጠብቀውን መርጦ ነበር።

የለወጠችው ድንቢጥ ናት። የማይጠብቀው አንዳንዴ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያኔ ምን እንደሚደረግ የመጻፉ ድርሻ የሷ ነበር፣ ሰለቻት። «ምን አስቸኮለው፣ ይጠብቅ!» ብላ አንዲት ቃል ቀየረች፣ ለቀጮም አልነገረችውም። እቤቷ ባለው ኮምፒውተር ሚሞሪ እንደ ልብ ስለሆነ ምንም ሳይል ሠራ። እዚህ ግን አስተማሪው ለሙከራ ብለው ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ሲከፍቱበት ቦታ ጠፋ፣ ድራይቨሩም ተኛ።

«ድራይቨሩ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ቲቸር» አለ ቀጮ አንገቱን ደፍቶ። «ግን እኮ ቼክ አድርጌው ነበር።»

«እንዲህ እያዝረከረክህማ አትወዳደርም። ነገ ድንቢጥ ብቻዋን ታቀርባለች።»

ድንቢጥ ስትመኘው የኖረችው መድረክ ነው። ብትናገር ያመልጣታል፣ ዝም ብትል የቀጮን ዓይን ማየት ሊያቅታት ነው። የምትገባበት ጠፋት።

«አይዞሽ፣ አንቺ አታንሺም» አላት ቀጮ ቀስ ብሎ። «ኮዱን ብቻ አየት አድርጊው፤ የሆነ ቦታ ተሳስቼ ይሆናል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

አስተማሪው ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩና ወንበሩን ሳቡላት። «በይ፣ አስተካክይው።»

ቁጭ ብላ ኮዱን ከፈተች። ቃሏን መልሳ ብትቀይራት ማንም አያውቅም፤ አስተማሪው ጎበዝ ይሏታል፣ ቀጮም ያመሰግናታል። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ደረሱ። ከዚያ እጇን አነሳችና ስክሪኑን ወደ ሁለቱ አዞረችው።

«ቲቸር፣ ይቺን መስመር ይዩልኝ። የቀጮ አይደለችም፣ የኔ ናት።»