የጋራው ክኒን

«ቲቸር፣ አጥንቱን የሰጠሁት ለቡችላው ነው» አለ ቀጮ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ። «ትልቁ ውሻም ግን አለኝ ይላል። ሌባ ውሻ ነው እንዴ የሠራሁት?»

የኮምፒውተር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩም ፈገግ አሉ። ክላስና ኦብጀክት ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ስለ ብሎኬት ሳያወሩ ውለው ስለማያውቁ፣ ተማሪው በሌሉበት «ጋሽ ብሎኬት» ነው የሚላቸው። ፕሮግራም ሲጻፍ ክላስ የብሎኬት ማውጫው ቅርጽ ነው፤ ኦብጀክት ደግሞ ከቅርጹ የሚወጣው እያንዳንዱ ብሎኬት።

«ሌባስ አንተ ነህ» አሉት። «አጥንት የሚቀመጥበትን ቦታ የጻፍከው ክላሱ ላይ ነው። የጋራ አደረግኸው። እያንዳንዱ ውሻ ሲፈጠር የራሱን ቦታ ይዞ መፈጠር አለበት። አሁን ለአንዱ የሰጠኸው ለሁሉም ይደርሳል።»

የድንቢጥ ሳቅ አፏ ላይ ቀረ። እሷም የጻፈችው እንደ ቀጮ ነው።

ቁመቷ አጭር ስለሆነ ድንቢጥ ይሏታል እንጂ በዚህ ክፍል የሚስተካከላት የለም። ነገ ለሚከበረው የወላጆች ቀን የተመረጠው የእሷ ፕሮግራም ነው። ዓይኗ ለደከመው ሴት አያቷ፣ ለእምዬ፣ የክኒኗን ሰዓትና ቀለም የሚናገር ፕሮግራም ሠርታለች። ክላሱን መጀመሪያ «በሽተኛ» ብላው ነበር፤ አያቷ «እኔን ነው በሽተኛ የምትይኝ?» ብላ ስትቆጣ «ባለክኒን» አለችው። የሚናገረው በራሷ በድንቢጥ ድምፅ ነው። ብዙ ቀን ያለ ችግር ሠርቷል፤ ባለክኒኗ አያቷ ብቻ ነበረች።

ዛሬ ጠዋት ግን ወንድ አያቷን አባባንም ጨመረችበት። አባባ ስኳር አለብህ ተብሎ ቢጫ ክኒን ታዞለታል። አክስቷ ክኒኑን ስታመጣ፣ «ስኳር የሌለበት ሰው ይኼን ቢውጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። አሁን አባባ ከአክስቷ ጋር ወጥቷል። ቤት ያለችው እምዬ ብቻዋን ናት።

ድንቢጥ ክው አለች። ለአባባ የሰጠችው ቢጫ ክኒን ለእምዬም ደርሷል ማለት ነው። ቤት ያለው ላፕቶፕ ምሳ ሰዓት ላይ ይናገራል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ምሳ ሊሆን ጥቂት እንደቀረው ያሳያል።

ስልኳ የመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። እስኪደወል ብትጠብቅስ? ማንም ሳያውቅ ወጥታ ትደውላለች፣ ማታ ታስተካክለዋለች፣ ነገም ይጨበጨብላታል። ደግሞ እምዬ አንዳንዴ ምሳ ታዘገያለች። ካላዘገየችስ?

ተነሳች።

«ቲቸር፣ ስልኬን ይስጡኝ።»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«የኔም እንደ ቀጮ ነው» አለች፤ ድምጿ ተቆራረጠ። «ክኒኑን የጋራ አድርጌዋለሁ። አያቴ የማይሆናትን ልትውጥብኝ ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። መምህሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱላት።

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። የፈሩት ይደርሳል ሲባል ትሰማ ነበር፤ ዛሬ ገባት። ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

«አቤት የኔ ልጅ። አሁን ኮምፒውተርሽ ጠርቶኝ ውኃ ቀድቼ ክኒን ስውጥ ነው የደወልሽው።»

«እምዬ፣ ምን ዋጥሽ?»

«የድሮዋን ነጯን ዋጥኩ። ቢጫዋ እጄ ላይ ናት። አዲስ ነገር ሆነብኝና ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ኋላ ድምፅሽን ሳስበው፣ የኔ ልጅ አትሳሳትም አልኩ።»

«አትዋጫት። የአባባ ናት። አስቀምጫትና ኮምፒውተሩን ዝጊው።»

«አንቺም ትሳሳቻለሽ እንዴ?»

«እሳሳታለሁ፣ እምዬ።» እንባዋ መጣ፤ ክፍሉ ሙሉ እያያት አልጠረገችውም።

መምህሩ ወንበራቸውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ለወላጆች ቀን በፍላሽ ያመጣችውን ቅጂ ከፈተች፤ ስህተቱ አንድ መስመር ነበር። ከክላሱ ላይ አንስታ እያንዳንዱ ባለክኒን ሲፈጠር የራሱ እንዲኖረው አደረገች፤ ሞከረችው፤ ለእምዬ ነጩን ብቻ፣ ለአባባ ቢጫውን ብቻ አለ።

«በቃ፣ ለወላጆች ቀን ደርሷል» አሏት።

«ገና ነው» አለች።

ማዳመጫውን አደረገችና ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «እምዬ፣ ክኒንሽን ዋጪ» የሚለውን የድሮ ድምጿን ሰረዘችው።

«እምዬ፣ የክኒን ሰዓት ደርሷል» ብላ ቀዳች። «አዲስ ነገር ከሆነብሽ ግን ሰው ሳትጠይቂ አትዋጪ። እኔም እሳሳታለሁ።»

መልሳ አዳመጠችው። መጨረሻው ላይ ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

«ትደግሚዋለሽ?» አላት ቀጮ ቀስ ብሎ።

«አይ» አለች። «እንዲሁ ይሁን።»