ምናልባት የሚሉት ሰው

ያን ጊዜ ፎቶ ገና በፊልም ነበር የሚነሣው። ሰው ፎቶ ቤት ሲመጣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነበር የሚቀመጠው። የእሷም ወጣትነት ያለፈው በአባቷ ፎቶ ቤት ከካሜራ ጀርባ ቆማ፣ «ቀና በሉ፣ ትንሽ ፈገግ» ስትል ነው።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ሥራውን የያዘችው እሷ ናት። ፎቶ ቤቱ ያለበት ቤት ግን የሦስት ሰው ነበር፤ የእናቷ፣ የታላቅ ወንድሟና የእሷ። አንድ ጠዋት የቤቱን የእሳት አደጋ መድን ለማሳደስ ወደ መድን ድርጅቱ ሄደች። ሰውየውን ያገኘችው እዚያ ነው።

ቀጭን፣ ረዥም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ ወጣት ነበር። ሥራው አደጋ የመድረሱን ዕድል ማስላት ነው፤ የትኛው ሱቅ ሊቃጠል፣ የትኛው መኪና ሊጋጭ እንደሚችል ሲገምት ይውላል። ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ምናልባት» ይሉታል። ምሳ በልተሃል ወይ ብትሉት እንኳ በምናልባት ነው የሚጀምረው እያሉ ይስቁበታል።

ክፍያው በዝቶባት፣ «አሁን የእኛ ቤት ይቃጠላል ብለው ነው?» አለችው።

«ምናልባት አይቃጠልም» አላት። «ቢቃጠል ግን ሌላ አለዎት?»

የላትም። ከፈለች። መንገዱን ሁሉ ግን ስለ እሳቱ አላሰበችም፤ ያንን ሲጠይቃት እንዴት እንዳያት ነበር የምታስበው።

በሳምንቱ ጉርድ ፎቶ ልነሣ ብሎ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የፊተኛው ጠፋብኝ ብሎ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሳቋ አመለጣት፤ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ፎቶ አይጥልም። እሱም ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ መፈለጉን ትቶ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ማለት ለመደ። እሷ የታጠቡትን ፎቶዎች ገመድ ላይ ስትሰቅል እሱ መቆንጠጫ ያቀብላታል። አንዳንድ ቀን ብዙም አያወሩም፤ ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ካለፈው ዘመኗ ሁሉ አብልጣ የምትናፍቀው ያንን ዝምታ ነው።

በዚያ መሃል ከመንገዱ ማዶ ባለ ቀለም ማተሚያ ዘመናዊ ፎቶ ቤት ተከፈተና ደንበኛው ወደዚያ ጎረፈ። ወንድሟ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ዕቃ እያስመጣ በየወሩ ትርፍ የሚያካፍል ነጋዴ አለ፤ ቤቱን ሸጠን ገንዘቡን ለእሱ እንስጥ አለ። ኪሳራ የሚባል አያውቀውም ብሎ፣ ያለፈላቸውን ሰዎች ስም ደረደረ። እናቲቱ ልባቸው ተከፈለ። ልጅቷ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ ስትል እናቷ ቶሎ ተስማሙ። ስለዚያ ረዥም ልጅ የሰሙት ነገር ነበራቸው፤ በዓይናቸው ሊያዩት ፈልገዋል።

መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወንድምየውን እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ ዕቃው ሳይሸጥ የቀረ ወር ነጋዴው ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ጠየቀ። ወንድምየው እንዲህ ያለ ወር እስካሁን አልገጠመም አለ።

«ያተረፈ ሰው ያወራል» አለ ምናልባት ወደ እናቲቱ ዞሮ። «የከሰረው ግን አፍሮ ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ እኛ የምንሰማው ያተረፉትን ብቻ ነው። ሰውየው ሌባ ነው አላልኩም፤ አላውቀውም። ግን እማማ፣ ቢጠፋ የማይጥላችሁን ያህል ብቻ ስጡ።»

እናቲቱ ቤቱ አይሸጥም አሉ። ወንድምየው አኮረፈ፤ እሳቸውም ወርቃቸውን ሸጠው ድርሻውን ሰጡት። እሱ ሁሉንም ወስዶ ለነጋዴው አስረከበ።

ነገሩ ግን የተፈራው ሳይሆን ቀረ። ትርፉ በየወሩ ሳያዛንፍ መጣ። ወንድሟ መኪና ገዛና፣ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል ፎቶ ቤቱ በር ላይ ያቆመው ጀመር። እሷ ደግሞ አንድም ደንበኛ ሳታይ የምትውልበት ቀን በዛ። እናቷ ሲተነፍሱ እንኳ ቁጭታቸው ይሰማል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ወንድሟ፣ ያ ሰው ቤቱን ከነአንቺ ነው የፈለገው አላት። ሳቀችበት፤ ነገሩ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ።

በማግስቱ ምናልባት መቆንጠጫ ሲያቀብላት አልተቀበለችውም።

«ቤቱን አትሽጡ ያልከን ለእኛ ብለህ ነው? ወይስ እኔ ከዚህ እንዳልሄድብህ?»

መቆንጠጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ» አላት። «የማላውቀው ሰው ቢጠይቀኝም የምለው ያንኑ ነበር። ግን እንድትሄጂ አልፈለግኩም። አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው።»

እሷ የጠበቀችው እንዲምልላት ነበር። አልማለም። ሂድ አለችው፤ ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፉንም ተወ።

ብዙ ወራት አለፉ። በባዶው ፎቶ ቤት ተቀምጣ ነገሩን እያገላበጠች ታስብ ነበር። የነጋዴው ገንዘብ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ምክሩን ጥበብ ትለው ነበር፤ ዛሬ የጠላችው ሳንቲሙ በሌላው ገጹ ስለወደቀ ብቻ ነው። ደግሞስ ራሱን የሚጎዳ እውነት የነገራት ሌላ ማን አለ? ወንድሟ ልከስር እችላለሁ ብሎ አያውቅም። አባቷ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ቆንጆ ወጥተሃል ይል ነበር።

አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ፎቶ ቤቱን ዘግታ መድን ድርጅቱ ሄደች። ተራዋን ጠብቃ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ተሳስተህ ነበር» አለችው። «ወንድሜ መኪና ገዝቷል።»

«አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያምራል።»

ሳቋን ዋጠችው። «የዚያን ቀን የምናውቀውን ብቻ ይዘን ዛሬ እንደገና ብንጠየቅ ግን ቤቱን አልሸጥም። አንተስ?»

«እኔም አትሽጡ ነው የምለው።»

«እንግዲያው ቤት መጥተህ እማዬን አነጋግር። ስለ ቤቱ አይደለም።»

ባልደረቦቹ መጻፋቸውን አቁመው ነበር። እሱ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ የሚያነሣው ግን አልነበረም።

እናቲቱ ልጄን ታበለጽጋታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ያንን ቃል መግባት አልችልም፣ እሷን ግን አልተውም አላቸው። እሳቸውም ከልጃቸው አጠገብ እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት።

ነጋዴው ከሠርጉ በኋላ የሰዉን ገንዘብ ይዞ ጠፋ፤ ብዙ ሰው አለቀሰ። ወንድሟ ግን ቤት ልሥራ ብሎ ገንዘቡን ከዚያ በፊት አውጥቶ ነበር። እስከ ዛሬ ቀድሜ ሸትቶኝ ነው ይላል። ባሏ ምናልባት ግን አንድም ቀን አልተከራከረውም፤ እንኳንም አወጣኸው ይለው ነበር፣ ከልቡ።

ፎቶ ቤቱ አብረው ከያዙት በኋላ ብዙ ዘመን ሠራ፤ ኋላ ጊዜው አለፈበትና ተዘጋ። ባሏም ካረፈ ቆይቷል። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ የሠርጋቸው ፎቶ ተሰቅሏል። የማዶውን ፎቶ አንሺ መጥራት ክብሯ ስላልፈቀደላት ራሷ ነበረች ያነሣችው፤ ካሜራውን በራሱ እንዲያነሣ ሞልታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ልትገባ ስትል ካሜራው ቀደማት። እሷ ነጭ ጭጋግ መስላ ወጥታለች። የልጅ ልጆቿ፣ እንደገና ለምን አልተነሣችሁም እያሉ ይጠይቋታል።

እሷ ግን እሱን ነው የምታየው። እናቷም፣ ወንድሟም፣ ዘመድ አዝማዱም ቀጥ ብለው ካሜራውን ሲያዩ፣ እሱ ብቻ እሷ በምትመጣበት በኩል ዞሮ እጁን ዘርግቷል።